እቴጌ ሆቴል፤ እንግዳ በዋጋ የተስተናገደበት ቤት

የአንድ አገር ታሪክ በቤተ መንግሥትና በቤተ ክርስቲያን፣ በጦር ሜዳና በውል ጽሑፍ ላይ ብቻ ተጽፎ የሚቀር አይደለም። እንጀራ የሚሸጥበት፣ መንገደኛ የሚያድርበት፣ ሒሳብ የሚታሰብበት ታናሽ የንግድ ቤትም የዘመኑን ሕዝብ አሳብና ልማድ ለሚመረምር ሰው ብዙ ነገር ይገልጻል። ነገር ግን እንዲህ ላለው ቤት ታሪኩን የሚጽፍለት ሰው እምብዛም አይገኝም። የገዳማትና የአድባራት ርስትና ጉልት በወርቅ ወንጌል ኅዳግ ላይ ከነሰጪው ስም፣ ከነምስክሩና ከነውግዘቱ ተጽፎ ስለ ኖረ ከብዙ መቶ ዓመት በኋላ እንኳ ይነበባል። የንግድ ቤት ግን ወርቅ ወንጌል የለውም፤ ባለቤቱ ሲለወጥ ስሙ ይለወጣል፤ ግድግዳው ሲፈርስም ነገሩ አብሮ ይፈርሳል።

ከዚህ ዕጣ ካመለጡት ጥቂት ቤቶች አንዱ በአዲስ አበባ በአራዳ፣ ዛሬ ፒያሳ በሚባለው ሰፈር የሚገኘው የእቴጌ ጣይቱ ሆቴል ነው። ከዛሬዎቹ ረጃጅም ፎቆች ጋር ሲተያይ ታናሽ ቤት ነው፤ ምድር ቤትና አንድ ደርብ፣ የእንጨት ደረጃና የእንጨት ወለል፣ ከደርቡም ላይ ሆነው ደጁን የሚመለከቱበት ሰገነት አለው። በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ዘመናዊ ሆቴል ተብሎ የሚታወቀው ይህ ቤት ከመቶ ዓመት በላይ ሲቆይ መንግሥት ተለውጦበታል፤ ባለቤትም ተለውጦበታል። የተሠራበት ተግባር ግን አልተለወጠም። እንግዳ ይቀበላል፤ ያበላል፤ ያሳድራል፤ ዋጋውንም ይቀበላል።

ይህ ነገር ዛሬ እንደ ቀላል ይታያል። ቤቱ በተከፈተበት ዘመን ግን ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ነበረ ለማስተዋል አስቀድሞ የነበረውን የእንግዳ አቀባበል ሥርዓት ማስታወስ ያስፈልጋል። በኢትዮጵያ ልማድ መንገደኛ ሲመሽበት ከአንዱ ደጅ ቆሞ የመሸብኝ የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ ቢል፣ እምቢ ብሎ የሚመልሰው ሰው በጎረቤቱ ዘንድ ይነወር ነበር። ባለቤቱ ቤት ለእንግዳ ብሎ ያስገባዋል፤ እግሩን ያሳጥበዋል፤ ካለው ያበላዋል፤ ለበቅሎውም ድርቆሽ ያቀርባል፤ ሲነጋም ምርቃቱን ተቀብሎ ይሸኘዋል። ዋጋ መጠየቅ ይቅርና ዋጋ ማሰቡ እንኳ ነውር ነበረ።

የመንግሥት እንግዳ የሆነ እንደ ሆነ ግን ሥርዓቱ ሌላ ነበረ። ከንጉሠ ነገሥቱ ወይም ከአገረ ገዥው ደብዳቤ የያዘ መንገደኛ በደረሰበት አገር ሁሉ ድርጎ ይሰጠው ነበር፤ ድርጎውም እንጀራና ወጥ፣ ጠላና ጠጅ፣ በግና ዶሮ፣ ለከብቱም ገብስና ሣር ነው። ይህን ሁሉ የሚያወጣው ገበሬው ነበረ። የአንድ ሌሊት መንገደኛን ማስተናገድ ለባለቤቱ ደስታ ነው፤ አጃቢና አሽከር፣ ጋማ ከብትም አስከትሎ የሚመጣ እንግዳ ሲደጋገም ግን በመንገድ ዳር ለተቀመጠ ባላገር ከግብር ላይ የተጨመረ ግብር ይሆንበታል። መስተንግዶ በሰጪው ፈቃድ ሲሆን ጽድቅ ነው፤ በትእዛዝ ሲሆን ግን ዕዳ ነው።

በ1888 ዓ.ም. በዐድዋ ድል ከተደረገ በኋላ የእንግዳው ቁጥር እጅግ በዛ። የአውሮፓ መንግሥታት መልእክተኞቻቸውን በአዲስ አበባ አስቀመጡ፤ በ1896 ዓ.ም. የአሜሪካ፣ በ1897 ዓ.ም. ደግሞ የጀርመን መልእክተኞች መጥተው የወዳጅነትና የንግድ ውል ተዋዋሉ። ከእነርሱም ጋር መሐንዲሱ፣ ሐኪሙ፣ ጠመንጃና ጨርቅ የሚሸጠው ነጋዴ፣ መሬት ለመመርመር ፈቃድ የሚለምነው ሰው ሁሉ ይመጣ ነበር። የምድር ባቡሩ ሐዲድ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ደርሶ ቆሞ ነበርና፣ እስከ 1909 ዓ.ም. ድረስ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ከድሬዳዋ ጀምሮ ብዙ ቀን በበቅሎ ይጓዝ ነበር። ደክሞ ከከተማው ሲደርስ፣ የክብር እንግዳ ከሆነ ቤተ መንግሥቱ በመኳንንት ግቢ ማረፊያ ይሰጠዋል፤ ያልሆነ እንደ ሆነ ወይ ድንኳኑን ይተክላል፣ ወይ ከአገሩ ሰው ቤት ይጠጋል። ገንዘብ በእጁ ይዞ፣ ገንዘቡን ሰጥቶ የሚያድርበት ደህና ቤት አያገኝም ነበር።

ይህን ጉድለት አይተው መድኃኒት ያበጁለት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ናቸው። እቴጌይቱ በውጫሌ ውል ክርክር ጊዜ ባሳዩት ጽናት፣ በመቀሌ ምሽግ የጠላትን ውሃ በማስያዝና በዐድዋ ጦርነት በፈጸሙት ሥራ በታሪክ የታወቁ ናቸው። የከተማይቱንም ስም አዲስ አበባ ብለው ያወጡ እርሳቸው ናቸው። ስለ ጓዳና ስለ ማዕድ ያላቸው ዕውቀት ግን ከጦርነቱ ሥራቸው ያነሰ አልነበረም። በ1880 ዓ.ም. የእንጦጦ ማርያም ቅዳሴ ቤት ሲከበር ያዘጋጁት ግብር በብዛቱና በሥርዓቱ በዜና መዋዕል ለመጻፍ የበቃ ነው። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቀን የሚያበላ ጓዳ እንደ ታላቅ መሥሪያ ቤት ያለ ነው፤ እህሉን የሚሰፍር፣ ማሩን የሚመዝን፣ እንስራውን የሚቆጥር፣ ሠራተኛውን በየተራው የሚያቆም ሰው ያስፈልገዋል። ይህን ሁሉ ሲያዝ የኖረ ሰው የእንግዳ ማረፊያ ቤት ማስተዳደርን ከሌላ አገር መምህር ሊማር አያስፈልገውም ነበር፤ አዲስ የሆነው ነገር ዋጋ መቀበሉ ብቻ ነው።

ቤቱ በ1898 ዓ.ም. እንደ ተመሠረተ ይነገራል፤ ለእንግዳ የተከፈተው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቦታውም በማስተዋል የተመረጠ ነበረ። አራዳ በዚያን ጊዜ የከተማው የንግድ እምብርት ነው። በቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ታላቁ ገበያ ይቆማል፤ የህንድ፣ የአርመንና የግሪክ ነጋዴዎች ሱቆች በዙሪያው ተሠርተዋል። የአቢሲኒያ ባንክም በ1898 ዓ.ም. ሥራውን ጀምሮ ነበር። ዕቃው ካለበት፣ ገንዘቡ ካለበት፣ ሰውም ከሚመላለስበት ስፍራ ማደሪያና ምግብ ቤት መሥራት የነጋዴ ብልሃት ነው። ለቤቱም የተሰጠው ስም የእቴጌይቱ ማዕረግ ሆነና እቴጌ ሆቴል ተባለ።

ይሁን እንጂ ቤቱ ተሠርቶ፣ አልጋው ተዘርግቶ፣ ማዕዱ ቀርቦ ሳለ የአገሩ ሰው ሊገባበት አልወደደም። ምክንያቱም የታወቀ ነው። ጨዋ ሰው በቤቱ ወይም በጌታው ግብር ይበላል እንጂ ከማያውቀው ሰው ፊት፣ ያውም በገንዘብ ገዝቶ አይበላም ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሲበሉ ዓይን እንዳያያቸው መጋረጃ ይጋረድላቸው ነበር። ደግሞም በገንዘብ የሚበላ ሰው ዘመድ የሌለው፣ ጌታም ያጣ ሰው ሆኖ ይቈጠር ነበር። በገንዘብ የሚያበላውማ ከዚህ የባሰ ይናቅ ነበር፤ ጠጅና ጠላ፣ እንጀራና ወጥ ሸጠው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት ሴቶች በሥራቸው ምክንያት ስንት ስድብ እንደ ተሸከሙ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ሲተረክ እንደ ኖረው፣ ዐፄ ምኒልክ ይህን ባዩ ጊዜ መኳንንቶቻቸውን አስከትለው ወደ ሆቴሉ መጡ፤ ከማዕዱም በሉ፤ በልተውም ሲነሡ እንደ ማንኛውም ሰው ዋጋውን ከፈሉ። ከእርሳቸው ጋር የበሉት መኳንንት ግን ነገሩን እንደ ንጉሥ ግብር ቈጥረው፣ ንጉሡ ባልመጡበት ቀን ሊመለሱ ዘገዩ። ስለዚህ ንጉሠ ነገሥቱ ያደረጉት ለጨዋታ ሳይሆን ለምሳሌነት እንደ ሆነ፣ እነርሱም በተራቸው ወዳጆቻቸውን እየጋበዙ እንዲያደርጉት አስረዷቸው፤ ከዚያም ወዲህ አንዱ ሌላውን እያየ መምጣት ጀመረ ይባላል።

ይህ ታሪክ የሚያስቅ ቢመስልም ጠልቆ ለሚያየው ታላቅ ትምህርት አለበት። በአዳራሻቸው ለብዙ ሺህ ሰው ያለ ዋጋ ግብር የሚያበሉ ንጉሠ ነገሥት በገዛ ባለቤታቸው ቤት የአንድ ማዕድ ዋጋ ሲከፍሉ፣ ገንዘቡ ከአንዱ እጃቸው ወጥቶ ወደ ሌላው እጃቸው የገባ ያህል ነው። ትርፉ በገንዘቡ አልነበረም። ትርፉ መኳንንቱ በዓይናቸው ያዩት ነገር ነው፤ ይኸውም የሚበላ ሰው ዋጋ ቢከፍል ክብሩ እንዳልተቀነሰ፣ የሚያበላም ሰው ዋጋ ቢቀበል ነውረኛ እንዳልሆነ ነው። በአዋጅ ቢነገር ኖሮ ሰሚው እሺ ብሎ በልቡ እምቢ ይል ነበር፤ በማዕድ ላይ ስለ ተደረገ ግን እምቢ የሚልበት ምክንያት አጣ።

ዘመኑንም ማስተዋል ያስፈልጋል። በዚሁ በ1900 ዓ.ም. ዐፄ ምኒልክ በኢትዮጵያ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ፤ ከእነርሱም መካከል ነጋድራስ ኃይለ ጊዮርጊስ ለንግድና ለውጭ ጉዳይ ሥራ ተሾሙ። ንግድም በመንግሥት ፊት የራሱ ሚኒስትር ያለው ሥራ ሆነ። ደግሞ በዚሁ ዓመት በእጁ ጥበብ የሚሠራውን ሰው በሥራው ምክንያት መስደብን የሚከለክል አዋጅ ወጣ። ሦስቱን ነገር አንድ ላይ የሚመለከት ሰው የአሳባቸውን አንድነት ያገኘዋል። አዋጁ ሠራተኛውን አትስደቡ አለ፤ ሹመቱ ንግድን ከመንግሥት ሥራ ቈጠረው፤ ሆቴሉ ደግሞ የአገሪቱ እቴጌ ራሳቸው ስማቸውን በንግድ ቤት ደጅ ላይ አደረጉ። እቴጌ የሚባል ቤት ካበላና ከተከፈለው፣ ከዚያ በታች ያለችውን እንጀራ ሻጭ ማን በምን አፉ ይሰድባታል? ነውሩ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚሟገትለት ማስረጃ ተገኘ።

እቴጌይቱም በዚህ ብቻ አልቆሙም። በእነዚሁ ዓመታት የእርሻና የንግድ ሥራ የሚያስፋፋ ማኅበር በአገሩ ሰዎች ገንዘብ እንዲቋቋም አደረጉ። አሳባቸው የአገሩ ንግድ በውጭ አገር ሰዎች እጅ ብቻ እንዳይቀር ነበረ።

መጽሐፍ አዋቂዎችም ቢሆኑ ነገሩን የሚነቅፉበት ምክንያት የላቸውም። አብርሃም በድንኳኑ ደጅ እንግዶችን የተቀበለበት ቸርነት ለሁሉ ምሳሌ ነው። ነገር ግን በወንጌል በተነገረው በደጉ ሳምራዊ ምሳሌ ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይታሰብ አንድ ሦስተኛ ሰው አለ፤ እርሱም የእንግዳ ማረፊያው ጠባቂ ነው። ሳምራዊው የቆሰለውን መንገደኛ አንሥቶ አምጥቶ በገንዘብ አስረከበው፤ ጠባቂውም ገንዘቡን ተቀብሎ አስታመመ። ቤቱ በመንገድ ዳር ባይገኝ ኖሮ የሳምራዊው ርኅራኄ የት ያርፍ ነበር? ቸርነትና የታመነ ንግድ ጠላቶች አይደሉም፤ አንዱ ሌላውን ይረዳል። የድርጎው ነገርም ይህንኑ ያስረዳል፤ ገንዘብ ያለው እንግዳ የራሱን ዋጋ በከፈለ ጊዜ ደሃው ገበሬ ከዕዳ ያርፋል፤ የቀረውም እንጀራው በእውነት ለተቸገረው የእግዚአብሔር እንግዳ ይተርፋል።

የቤቱ ባለቤት ግን በሥራቸው ብዙ ዘመን አልተደሰቱም። ዐፄ ምኒልክ ታመው በተኙ ጊዜ የመንግሥቱ ሥራ በእቴጌይቱ እጅ ሆኖ ነበርና፣ በመጋቢት ወር 1902 ዓ.ም. መኳንንቱ ተማክረው ከመንግሥት ሥራ አስወገዷቸው፤ ንጉሡን ብቻ እንዲያስታምሙ ተደረገ። ንጉሠ ነገሥቱ በታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. ካረፉ በኋላ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጡ፤ በዚያም በየካቲት 4 ቀን 1910 ዓ.ም. ዐረፉ። በ1880 ዓ.ም. ታላቁን ግብር ባበሉበት ደብር አጠገብ ጥቂት አሽከሮች ብቻ ይዘው ሲኖሩ፣ ከበታች በአራዳ ያቆሙት ቤት እንግዳ መቀበሉን አላቋረጠም ነበር። የሰው ሥልጣን ያልፋል፤ በሥርዓት የተተከለ ሥራ ግን ተካዩን አልፎ ይሄዳል።

በ1928 ዓ.ም. ጠላት አዲስ አበባን በያዘ ጊዜ በአራዳ ላይ ታላቅ ለውጥ መጣ። የኢጣልያ ሹሞች ከተማውን በዘር ለይተው ለመክፈል አስበው ስለ ነበረ፣ አራዳን ለነጮች መኖሪያና መነገጃ አደረጉና ገበያውን ከቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ አንሥተው ወደ ምዕራብ ወሰዱት፤ መርካቶ የተባለውም ያ ነው። ፒያሳ የሚባለውም ስም የዚያ ዘመን ትራፊ ነው። በ1933 ዓ.ም. ጠላት ተባሮ ሄደ፤ ገበያው ግን ከሄደበት አልተመለሰም፤ ስሙም ከሰው አፍ አልጠፋም። ቤቱ ግን በቦታው ቆየ። ለነጋዴው ተብሎ በገበያ አጠገብ የተሠራ ቤት ገበያው ሲሄድበት መዘጋት በተገባው ነበር፤ ዳሩ ግን ማደሪያ የሚፈልገው ነጋዴ ብቻ አይደለምና እንግዳው አልተለየውም።

ከዚህ በኋላ ደግሞ ሌላ ለውጥ መጣ። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ የመንግሥት ሆነ፤ ብዙ የንግድ ድርጅቶችም ተወረሱ። ሆቴሉም በደርግ ዘመን የመንግሥት ንብረት ሆኖ ይሠራ ነበር። ከ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ በኋላ በመንግሥት የተያዙ ድርጅቶች ለግል ባለሀብት እየተሸጡ ሲሄዱ፣ ይህም ቤት በተራው ወደ ግል እጅ ተመለሰ። በዚህ ረጅም ጊዜ ውስጥ በጾም ማዕዱ እየታወቀ ሄደ። የጾም ቀን ምግብ በልዩ ልዩ ዓይነት ተዘጋጅቶ ሲቀርብ የአገሩ ጿሚና ሥጋ የማይበላው የውጭ አገር እንግዳ በአንድ ማዕድ ይገናኙበታል። ከተደበቁ ወዲያ መብላትን ነውር ያደርግ የነበረ ከተማ ዛሬ ተሰልፎ ሳህኑን ይዞ ይቆማል።

በጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም. እሑድ ማለዳ በቤቱ ላይ እሳት ተነሣ። የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቢረባረቡም ከፊሉ ተቃጠለ፤ በግቢው የነበረው ጃዝአምባ የተባለው የሙዚቃ አዳራሽም ጠፋ። ወሬው በተሰማ ጊዜ ያዘነው ባለቤቱ ብቻ አልነበረም። በሆቴሉ አንድ ሌሊት እንኳ አድሮ የማያውቅ የከተማው ሰው ሁሉ የራሱ ነገር እንደ ተቃጠለበት ሆኖ አዘነ። ከዚህ የሚታወቀው የአንድ ቤት ርስት በባለቤትነት ወረቀት የተጻፈለት ሰው ብቻ እንዳይደለ ነው፤ ያየው፣ የበላበት፣ ስሙን ከአባቱ የሰማ ሁሉ በቤቱ ድርሻ አለው። ከዚያ ወዲህ ቤቱ ታድሶ ወደ ሥራው ተመልሷል።

እንግዲህ የዚህ ታናሽ ቤት ታሪክ ሲጠቃለል የባለቤቶቹ ዝርዝር ይህ ነው፤ አስቀድሞ አንዲት እቴጌ፣ ቀጥሎ በየጊዜው የተረከቡት ሰዎች፣ ከዚያም መንግሥት፣ በመጨረሻም የግል ነጋዴ። እነዚህ ሁሉ በኑሯቸውም በአሳባቸውም የሚመሳሰሉ አይደሉም። የሚያገናኛቸው አንድ ነገር ቢኖር ቤቱን ከተሠራበት ሥራ አለማውጣታቸው ነው። መጋዘን ወይም ጽሕፈት ቤት ቢያደርጉት ኖሮ ግድግዳው ሊቆም ይችል ነበር፤ ታሪኩ ግን ከደጁ ይመለስ ነበር። ቤትን ቤት አድርጎ የሚያቆየው ድንጋዩና እንጨቱ ብቻ ሳይሆን በውስጡ የሚሠራው ሥራ ነው።

ይህ ነገር ዛሬ ለሹማምንት ሁሉ የሚገባ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳ በተደረገው የመልሶ ማልማት ሥራ ብዙ አሮጌ ቤቶች ፈርሰዋል። ከተማ እንደ ሰው ልብሱን መለወጡ አይቀርም፤ መንገዱ መስፋቱና ውሃው መግባቱም ለሕዝቡ ጥቅም ነው። ነገር ግን ከፈረሱት ቤቶች ስንቱ በማን እንደ ተሠራ፣ ምን እንደ ተሸጠበት፣ ከማን ወደ ማን እንደ ተላለፈ ሳይጻፍ ፈርሷል? የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ወጥቶ ሳለ ሕጉ የሚጠብቀው የታወቀውንና የተመዘገበውን ነው፤ ያልታወቀውን ሕግ አያድነውም። እቴጌ ሆቴል የዳነው በስሙ ታላቅነት ነው። ስም የሌለው የጨርቅ ሱቅ፣ የዳቦ ቤት፣ የሰዓት አዳሽ ቤት ግን የሚናገርለት የለውም።

ስለዚህ ቤት የሚያስፈርስም ሆነ የሚያሳድስ ሹም አስቀድሞ መዝጋቢ ይላክ። ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ይጠየቁ፤ የሽያጩ ወረቀት ይገልበጥ፤ ሥዕሉ ይነሣ፤ የተሠራበት ዓመትና የባለቤቶቹ ስም በተራ ይጻፍ። ይህ ብዙ ወጪ አይጠይቅም፤ አንድ ጸሐፊና አንድ መዝገብ ይበቃዋል። አባቶች የአንዲት ጋሻ መሬት ስጦታ በወርቅ ወንጌል ኅዳግ ላይ የጻፉት ብራና ተርፏቸው አልነበረም፤ ያልተጻፈ ነገር ባለቤት እንደሌለው ስለሚያውቁ ነው እንጂ። ንግድ ክቡር ሥራ እንደ ሆነ እቴጌይቱ በቤታቸው፣ ንጉሠ ነገሥቱም በከፈሉት ዋጋ አስተምረዋል። የቀረው የንግዱን ቤት ታሪክ የሚጽፍ እጅ ነው፤ ይህም የዛሬዎቹ ሹማምንትና ሊቃውንት ዕዳ ነው።